በግማሽና በሁለት ሦስተኛ መካከል

መምህር ጉልላት ሞቶ በተገኘበት ቢሮ ውስጥ ከሬሳው በቀር ሁሉም ነገር በቦታው ነበር።

ሬሳው በጠረጴዛውና በብረት ቁም ሳጥኑ መካከል በጀርባው ተዘርሯል። የግራ ጆሮ ግንዱ ከቁም ሳጥኑ ማእዘን ጋር ተጋጭቶ ተሰንጥቋል፤ ደሙ የሸሚዙ ኮሌታ ላይ ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ግን ሠላሳ ስምንት የሰባተኛ ክፍል የሂሳብ ፈተና ወረቀት፣ ሁሉም ታርሞ፣ ሁሉም ከሃያ ውጤት ተሰጥቶት፣ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክሎ ተቀምጧል። ቀዩ እስክርቢቶ ክዳኑ ተገጥሞለት ከላዩ ተጋድሟል።

«ምስኪን፣ ሥራውን ጨርሶ ነው የሞተው» አለ የትምህርት ቤቱ ጥበቃ በሩ ላይ ቆሞ።

ኢንስፔክተር ታቢታ ሳምሶን ይህንኑ ቃል በዚያ ረቡዕ አመሻሽ ከአራት ሰው ሰማችው፤ በአራተኛው ላይ ተናደደች። ሰው ወለል ላይ ተዘርሮ ስለ ትጋቱ ይወራል እንዴ?

ታቢታ ሐዋሳ ተወልዳ ያደገች፣ አሥራ አራት ዓመት በወንጀል ምርመራ የሠራች ሴት ናት። ሌባ አትፈራም፣ ሬሳ አትፈራም፣ አለቃም ብዙ አትፈራም። የምትፈራው ክፍልፋይ ነው። ሰባተኛ ክፍልን የደገመችው በእሱ ሰበብ ነው፤ እስከ ዛሬ ከላይና ከታች የተጻፈ ቁጥር ስታይ ገጹን ትገለብጣለች። እና ከሐዋሳ ግድያዎች ሁሉ ይሄኛው እሷ ላይ መውደቁ ምን ይባላል?

ሐኪሙ ደረቱ ላይ የሁለት መዳፍ ምልክት አግኝቷል። ሰው ገፍቶታል ማለት ነው። «መቼ?» ስትለው «ከስድስት ተኩል እስከ አሥር ተኩል ባለው ጊዜ» አለና ትከሻውን ሰበቀ። በአራት ሰዓት ውስጥ ሐዋሳን ሦስት ጊዜ በባጃጅ መዞር ይቻላል።

ትምህርት ቤቱ ታቦር ተራራ ተዳፋት ላይ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ሳምንቱ የፈተና ሳምንት ስለነበር ተማሪዎቹና መምህራኑ ስድስት ተኩል ላይ ወደየቤታቸው ሄደዋል። ከዚያ በኋላ ከሟቹ ጋር ግቢው ውስጥ የቀሩት ሦስት ሰዎች ብቻ መሆናቸውን የጥበቃው መዝገብ ይናገራል። ጥበቃው ራሱ ከበሩ እንዳልተነሣ ከፊት ለፊቱ ያለችው ባለሱቅ መስክራለታለች።

አንደኛው ምክትል ርእሰ መምህሩ ሰይፈሚካኤል ነው። ሱፍ ልብስ የለበሰ፣ ድምፁ የተስተካከለ ሰው፤ ከወንበሩ በላይ በወርቃማ ፍሬም የሂሳብ ዲግሪው ተሰቅሏል።

«ከስድስት ተኩል በኋላ የት ነበሩ?» አለችው ታቢታ።

«እስከ ስምንት ተኩል እዚሁ ቢሮዬ። ከዚያ ሐይቅ ዳር ስብሰባ ነበረን፤ እስከ አሥራ አንድ ከሃምሳ ሰው ጋር ተቀምጫለሁ። ፎቶም አለ።»

«ጉልላትን ለመጨረሻ ጊዜ ያዩት?»

«ሰባት ተኩል ላይ፣ ወረቀቶቹን ይዞ ሲገባ። ኢንስፔክተር፣ እኔ ራሴ የሂሳብ ሰው ነኝ፤ ላስላልዎት?» መልስ አልጠበቀም። «ጉልላት አንድ ወረቀት በአራት ደቂቃ ነው የሚያርመው። የእጅ ሰዓቱን አውልቆ ፊቱ ያስቀምጣል፤ ግቢው በሙሉ ያውቃል። ሠላሳ ስምንት ጊዜ አራት፣ መቶ ሃምሳ ሁለት ደቂቃ። ሰባት ተኩል ላይ ጀመረ፣ አሥር ሰዓት ከሁለት ላይ ጨረሰ። እስከዚያ በሕይወት ነበር።»

ታቢታ በጣቷ ቆጥራ ደረሰችበት። ልክ ነው።

«አንድ ነገር ልለምንዎት» አለ ሰይፈሚካኤል። «ወላጆች ውጤት እየጠበቁ ነው። ወረቀቶቹን ከመውሰድዎ በፊት ውጤቱን ልገልብጥ።»

ገለበጠ። ታቢታ ወረቀቶቹን ጠቅልላ ወሰደች።

አለቃዋ ኮማንደር ተስፋዬ ስሌቱን ሲሰማ ፊቱ በራ። በመዝገቡ መሠረት ሰይፈሚካኤል ስምንት ተኩል ላይ ወጥቷል። የማባዣ ክፍሉ ሠራተኛ አብዱልሃሚድ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወደ መስጊድ ሄዶ አሥር ሰዓት ከሩብ ላይ ተመልሷል፤ ከዚያም ጩኸት እስኪሰማ ድረስ ከጥበቃው ጋር የወረቀት ካርቶን ሲያራግፍ ነበር። አሥር ሰዓት ከሁለት ላይ ከሟቹ ጋር የነበረችው ወጣቷ የሂሳብ መምህርት ሶልያና ብቻ ናት። ሬሳውን አግኝታ አሥር ተኩል ላይ የጮኸችውም እሷ ናት። ጠዋት ደግሞ በሟቹ ላይ ስትጮህ ተሰምታለች።

«አለቀ!» አለ ኮማንደሩ። «ዓርብ ሦስት ሰዓት ላይ ፍርድ ቤት አቀርባታለሁ። አሥራ አራት ቀን የምርመራ ጊዜ እጠይቅባታለሁ።»

ሶልያና የሰባት ወር ልጅ አላት፤ ጡት የምትጠባ።

*

ሐሙስ ጠዋት ባሏ ናትናኤል ልጁን በባጃጅ ፖሊስ ጣቢያ ድረስ አምጥቶላት ሶልያና አጠባችው። መልሳ ለአባቱ ስትሰጠው ሕፃኑ እየጮኸ ተወሰደ። ታቢታ ያንን ጩኸት በጆሮዋ ይዛ ነው ምርመራ ክፍሉ የገባችው፤ ስለዚህ ገና ከመነሻው ተናዳለች።

«ለምን ጮኽሽባቸው?» አለቻት።

«ደብዳቤ አብረሽኝ ፈርሚ አሉኝ። ስለማን ነው ስላቸው፣ መጀመሪያ እፈርማለሁ በይ፣ ከዚያ እነግርሻለሁ አሉኝ። ልጅ አለኝ፣ እኔን አያስገቡኝ ብዬ ጮህኩ።» ሶልያና ዓይኗን ጠረገች። «በሰላም አልተለያየንም። ከሰዓት ይቅርታ ልጠይቅ ነበር የገባሁት።»

«ደብዳቤው የለም። ቢሮውን ፈትሸናል።»

«ነበር! እጃቸው ላይ አይቼዋለሁ!»

«እሺ፣ አትጩሂብኝ።» ታቢታ ንግግሩን ለማብረድ ከወረቀቶቹ አንዱን አነሣች። «ራሽናል ቁጥር ይላል። ምንድን ነው እሱ ደግሞ?»

ሶልያና እስረኛ መሆኗን ለአፍታ የረሳች መሰለች። «ከላይም ከታችም ድፍን ቁጥር አድርገው በክፍልፋይ ሊጽፉት የሚችሉት ቁጥር ነው፤ የታችኛው ዜሮ እስካልሆነ ድረስ። ጋሽ ጉልላት እኔንም ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። ሁለት ራሽናል ቁጥር ስጡኝ፣ በመካከላቸው ሌላ አለ ይሉን ነበር። እሱን ስንነግራቸው ‹ሌላስ?› ይላሉ። ሌላ ስንጨምር፣ ‹ሌላስ?› አያልቅም። ያናድዱን ነበር» አለችና አለቀሰች።

ታቢታ ማጽናናት አትችልበትም። ሶፍት አቀበለቻትና ወጣች።

*

የማባዣ ክፍሉ ቀለም ቀለም ይሸታል። አብዱልሃሚድ ስልሳ ሊሞላው የተቃረበ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው።

«ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ፈተናውን ያባዙት እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ከነመልስ ቁልፉ።»

«መልስ ቁልፍ?»

«ለእያንዳንዱ ጥያቄ አንድ መልስ የተጻፈበት ወረቀት ነው። ያለ እሱ ፈተና አይባዛም፤ የምክትሉ ደንብ ነው። አንዱ እኔ ጋ ይቀራል፣ አንዱ ምክትሉ ጋ። ጉልላት ይስቅበት ነበር፤ ለደንቡ ብሎ አንድ መልስ ጣል ያደርጋል እንጂ ሲያርም ገልጦት አያውቅም።» ቁልፉን ከመሳቢያ አውጥቶ ሰጣት።

«ጉልላት ረቡዕ ጠዋት ሌላ ነገር አሠርቶዎት ነበር?»

«አንድ ገጽ በሁለት ኮፒ አስነሥቷል። የመጀመሪያው ተበላሸ፤ እንደገና አነሣሁለት።»

«ምን ይላል?»

«አላነብም።»

«አይዞዎት፣ እኔ ለማንም አልናገርም።»

«ልጄ፣ ፈተና የሚባዛበት ክፍል ውስጥ የሚያነብ ሰው አይቀመጥም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አላነበብኩም፤ ዛሬ ልጀምር?» አለና የተበላሸ ወረቀት ከሞላበት ካርቶን አንዱን መዝዞ የማሽኑን ቀለም መጥረግ ጀመረ።

ታቢታ ጥርሷን ነክሳ ወጣች። አንዱ እያየ አያነብም፣ ሌላዋ ሳታነብ ትጮሃለች፣ ሦስተኛው ሳይጠየቅ ያሰላል! ከዚህ ሁሉ ሰው ጋር እንዴት ተደርጎ ነው እውነት የሚገኘው?

*

ጣቢያ ስትመለስ ወይዘሮ ደብሪቱ በሩ ላይ ቆማለች። ለሦስተኛ ጊዜ። ፒያሳ ላይ ጨርቅ የምትሸጥ፣ ሜትሯን ከአንገቷ ሳታወርድ የመጣች፣ ጡንቸኛ ሴት ናት።

«እህቴ፣ የልጄን ወረቀት ልየው አልኩሽ!»

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ ሰው ሞቷል እኮ!»

«ነፍሱን ይማር። የኔ ልጅ ግን በሕይወት አለች፤ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም። አሥራ ስድስት አገኘች አሉኝ። ሮዳስ ደግሞ አንድም አልሳትኩም ትላለች፤ እኔ ልጄን አውቃታለሁ፣ ስትስት ታውቃለች። ምክትሉ ጋ ብሄድ፣ አራሚው ሞቷልና ውጤቱ አይነካም አለኝ። ወረቀቱ የታል ብለው፣ ፖሊስ ጋ። ይኸው ፖሊስ ጋ መጣሁ። ከዚህ ደግሞ ወዴት ልትልኪኝ ነው?»

ታቢታ ተሸነፈች። እንድትገላገላት ብላ የሮዳስን ወረቀት ፈልጋ አወጣች፤ ከመልስ ቁልፉ ጋርም አስተያየችው።

«ይኸው። ስድስተኛው ጥያቄ፣ በግማሽና በሁለት ሦስተኛ መካከል የሚገኝ አንድ ራሽናል ቁጥር ጻፉ ይላል። መልሱ ሰባት አሥራ ሁለተኛ። ልጅሽ ሦስት አምስተኛ ብላለች። ኤክስ። ስምንተኛው፣ መልሱ ግማሽ። ልጅሽ ሦስት ስድስተኛ። ኤክስ። በቃ፣ ሂጂልኝ።»

ደብሪቱ አልሄደችም። ሜትሩን ከአንገቷ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው።

«ግማሽ ሜትር ስንት ሳንቲ ነው?»

«ሃምሳ።»

«ሁለት ሦስተኛውስ?»

ታቢታ በጣቷ መቁጠር ጀመረች።

«ስልሳ ስድስት ከምናምን። ሰባት አሥራ ሁለተኛ ያልሽው ሃምሳ ስምንት ከምናምን ነው፤ እሺ፣ መካከል ነው፤ ማን አይደለም አለ? የልጄ ሦስት አምስተኛ ግን ልክ ስልሳ ነው። ስልሳ በሃምሳና በስልሳ ስድስት መካከል አይደለም? ይኸው በዓይንሽ እይው! ሃምሳ አንድም፣ ስልሳ አምስትም፣ መካከል ናቸው! ሚሊውን ከቆጠርሽ፣ ከሚሊው የሚያንሰውን ከቆጠርሽ፣ መች ያልቃል? አንድ መልስ ብቻ ነው ያለው ማነው? ሦስት ስድስተኛስ ከመቼ ወዲህ ነው ግማሽ መሆኑ የቀረው? ከስድስት እንጀራ ሦስቱን ብወስድብሽ ግማሹን ወሰደች አትይም?»

ታቢታ ሜትሩን አየች። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ክፍልፋይ ገባት። ከዚያ ሌላ ነገር ገባትና ብድግ አለች።

«ጉልላት ይህን ለሠላሳ ዓመት ያስተማረ ሰው ነው» አለች ለራሷ። «‹ሌላስ?› የሚል ሰው።»

ሠላሳ ስምንቱን ወረቀት ጠረጴዛው፣ ወንበሩና ወለሉ ላይ ዘረጋችው። ከሥር የነበሩት፣ ማለትም መጀመሪያ የታረሙት ዘጠኝ ወረቀቶች ላይ፣ በእያንዳንዱ የስሌት መስመር አጠገብ ጥቃቅን የራይት ምልክት አለ። ስድስተኛው ጥያቄ ላይ አንዱ ሦስት አምስተኛ፣ ሌላው አምስት ስምንተኛ፣ ሌላዋ አሥራ አንድ ሃያኛ ብለዋል። ሁሉም ራይት። ከእያንዳንዱም ጎን በቀይ፣ «ሌላስ?» ተጽፏል። ሦስት ስድስተኛ ያለውም ልጅ ራይት አግኝቶ «አሳጥረው» ተብሏል።

አሥረኛው የሮዳስ ወረቀት ነው። እስከ አምስተኛው ጥያቄ ድረስ ጥቃቅኑ ምልክት አለ። ከስድስተኛው ጀምሮ የለም። ከዚያ በኋላ ባሉት ሃያ ስምንት ወረቀቶች ሁሉ፣ ከቁልፉ ጋር ቁጥር በቁጥር ያልገጠመ ነገር በሙሉ ኤክስ ነው። «ሌላስ?» የሚል አንድም የለም።

«ወይዘሮ ደብሪቱ» አለች ታቢታ ቀስ ብላ፤ «ልጅሽ እህል ትብላ። ልክ ናት።»

*

«ክፍልፋይ?» አለ ኮማንደር ተስፋዬ። «ክፍልፋይ ነው የምታወሪኝ? ዳኛው ፊት ሜትር ልትዘረጊ ነው?»

«ጌታዬ፣ ሃያ ዘጠኝ ወረቀት ያረመው ሟቹ አይደለም። ሶልያናም አይደለችም፤ እሷ ይህን ታውቃለች።»

«አውቃ ብታበላሸውስ?»

«ለምን? ወረቀቶቹ ሁሉ ባይታረሙ ኖሮ እስከ አሥር በሕይወት ነበር የሚል አይኖርም ነበር። የታሰረችው ወረቀቶቹ በመታረማቸው ነው። ራሷን ለማሳሰር ነው ያረመችው?»

ኮማንደሩ አገጩን አሸ። «እንግዲያው ያ የማባዣው ሰውዬ ነው። መልስ ቁልፉ እጁ ላይ ነው፣ ሂሳብ አልተማረም፣ ዘጠኝ ተኩል ላይ ወጥቷል። ምክትሉማ የሂሳብ ዲግሪ አለው። በይ እሱን አምጪው!»

ታቢታን ያበሳጫት መልሱ የሚያስኬድ መሆኑ ነው። ያ ሰው ሃያ ሁለት ዓመት ሳያነብ የኖረ ሰው ነው። ሳያነብ! እንግዲያው የተበላሸው ኮፒም ሳይነበብ ካርቶኑ ውስጥ ይኖራል። በድንገት ቦርሳዋን አንሥታ በባጃጅ ወደ ታቦር በረረች። ማባዣ ክፍሉ ውስጥ የተበላሹ ወረቀቶች ካርቶኑን ወለሉ ላይ ገለበጠችው። አብዱልሃሚድ ቀለም ሊጠርግበት የነበረ አንድ ገጽ፣ ግማሹ ጥቁር ሆኖ ግማሹ የሚነበብ፣ አገኘች። አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

ከዚያ ዲግሪ ለማጣራት ወደ አንድ ዩኒቨርሲቲ መዝገብ ክፍል ደወለች። አንዷ «ደብዳቤ ይዛችሁ በአካል ኑ» አለች። ሁለተኛው «ሲስተም የለም» አለ። ሦስተኛው ስልኩን አንሥቶ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠውና ከሰው ጋር ሲስቅ ይሰማታል።

«ኤጭ!» አለች ታቢታ ስልኩን ዘግታ። «እኔው ራሴ እፈትነዋለሁ።»

*

አሥር ሰዓት ላይ ሁሉም ሰባተኛ ለ ክፍል ውስጥ፣ የልጆቹ ዴስክ ላይ ጉልበታቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ። ሶልያና ከአንዲት ሴት ፖሊስ ጋር፣ ሰይፈሚካኤል ከፊት፣ አብዱልሃሚድ ከኋላ። ኮማንደሩ ሰዓቱን እያየ ቆሟል። ደብሪቱን ማንም አልጠራትም፤ መጥታለች።

«የእርማት ምልክታችሁን ከጠረጴዛው ወረቀቶች ጋር ላመሳክር ነው» አለች ታቢታ። ለሦስቱም ቀይ እስክርቢቶ፣ በተማሪ እጅ ሁለት መልስ የተጻፈበት ወረቀትና መልስ ቁልፍ አደለች። «እንደ መምህር እረሙልኝ።»

«እኔ መምህር አይደለሁም» አለ አብዱልሃሚድ።

«የሚመስልዎትን ያድርጉ።»

ሶልያና በአሥር ሰከንድ ጨረሰች። ሰይፈሚካኤል ቀስ ብሎ፣ እጁን አጣሞ፣ ከወትሮው ያነሰ ምልክት እያደረገ ጻፈ። ፊቱ ላይ የእፎይታ ነገር ነበር። አብዱልሃሚድ ወረቀቱን ደጋግሞ አጠፈና ዘረጋ፤ ከሁሉም መጨረሻ ሰጠ።

ታቢታ ሦስቱን ወረቀት ሰሌዳው ላይ ለጠፈች።

«የመጀመሪያው ጥያቄ በሲሶና በግማሽ መካከል ያለ ቁጥር ነው። ቁልፉ አምስት አሥራ ሁለተኛ ይላል፤ ተማሪው ሁለት አምስተኛ ብሏል። ሁለተኛው፣ ሩብና ሩብ ሲደመር። ቁልፉ ግማሽ፣ ተማሪው ሁለት አራተኛ። ሶልያና፣ ሁለቱም ራይት። ጋሽ አብዱልሃሚድ፣ ሁለቱም ራይት። ከቁልፉ ጋር ሳይገጥም እንዴት ራይት አሉት?»

«ወረቀት ቆራጭ ነኝ» አለ አብዱልሃሚድ። «ሁለት ሩብ ግማሽ ካልሆነ ወረቀቴን ሰው ሰርቆኛል ማለት ነው። ሁለት አምስተኛውን አጥፌ ለካሁት፤ ከሲሶው ይበልጣል፣ ከግማሹ ያንሳል። ቁልፉ ሌላ ይበል እንጂ ልጁ ምን አጠፋ?»

«አቶ ሰይፈሚካኤል ሁለቱንም ኤክስ ብለዋል።»

ኮማንደሩ ወደ ሰሌዳው ጠጋ አለ።

«ቁልፉን ነው የተከተልኩት» አለ ሰይፈሚካኤል። «ደንብ ነው።»

«እጅዎን አጣመሙ፤ ምልክትዎን የማየው መስሎዎት። እኔ ያየሁት ምኑን ኤክስ እንዳሉት ነው። የሂሳብ ምሩቅ ሁለት አራተኛን ግማሽ አይደለም ይላል? ትናንትም ሃያ ዘጠኝ ወረቀት ላይ ያው ሰው ያንኑ ስህተት ሠርቷል።» ታጥፎ የቆየውን ገጽ አወጣች። «ይህ ጉልላት ለትምህርት ቢሮ የጻፈው ደብዳቤ ብልሹ ኮፒ ነው። ‹ምክትል ርእሰ መምህሩ በሁለት ክፍልፋዮች መካከል ሌላ ቁጥር መኖሩን አያውቅም፤ የትምህርት ማስረጃው ይጣራልኝ› ይላል። ዋናው ጠፍቷል። ማን ወሰደው?»

«ስምንት ተኩል ላይ ወጥቻለሁ! በሕይወት ነበር!»

«እርስዎ እንዳስተማሩኝ ላስላ። አንድ ወረቀት አራት ደቂቃ። ጉልላት በራሱ እጅ ያረመው ዘጠኝ ወረቀትና የአሥረኛውን ግማሽ ነው። ሠላሳ ስምንት ደቂቃ። ሰባት ተኩል ላይ ጀመረ፣ ስምንት ሰዓት ከስምንት ላይ አቆመ። ያኔ ሦስታችሁም ግቢው ውስጥ ነበራችሁ። ሶልያና ወረቀቶቹን አላረመችም፤ ብታርማቸው የሚያስሯት እሷን ነው። ጋሽ አብዱልሃሚድ ሲያርሙ አሁን አየናቸው፤ ሁለት ሩብን ኤክስ የሚል እጅ የላቸውም። የቀሩት እርስዎ ነዎት። እስኪወጡ ሃያ ሁለት ደቂቃ ነበረዎት፤ ቁልፍ ይዞ ስሌት ለማያይ ሰው ይበቃል። ባያርሟቸው ኖሮ ከሦስቱ አንዱ ብቻ ነበሩ፤ ማን መሆንዎን በምን አውቅ ነበር?»

ሰይፈሚካኤል ከልጆቹ ዴስክ ሊነሣ ሲል ጉልበቱ ተጋጨና ተመልሶ ተቀመጠ።

«አሥራ ሁለት ዓመት!» አለ፤ የተስተካከለው ድምፁ ተሰነጠቀ። «አሥራ ሁለት ዓመት ይህን ትምህርት ቤት ያቆምኩት እኔ ነኝ! አንድ ወረቀት ነው የጎደለኝ፣ አንድ ወረቀት! ደብዳቤውን ስጠኝ አልኩት፣ ለመንኩት። የልጆቹን ወረቀት እያየ፣ ቀና ሳይል፣ አይሆንም አለኝ። ገፋሁት እንጂ አልገደልኩትም!»

ኮማንደር ተስፋዬ ሰዓቱን ማየት ተወ።

«እና የልጄን ወረቀት ያረምከው አንተ ነህ?» አለች ደብሪቱ ከኋላ። ማንም አልሳቀም።

*

አሥራ ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ሶልያና የታቢታ ቢሮ ውስጥ ተቀምጣ ልጇን ታጠባለች። ልጁ ወተቱንም ሳጉንም እኩል ያስኬዳል። ናትናኤል በሩ ላይ ቆሞ ሁለቱን ደጋግሞ ያያል።

አብዱልሃሚድ የሃያ ዘጠኙን ወረቀት ኮፒ በካርቶን ይዞ ገባ፤ ዋናዎቹ ኤግዚቢት ናቸው። «አላነበብኳቸውም» አለና ወጣ።

«ሂጂ ቤትሽ፣ እረፊ» አለቻት ታቢታ። «እርማቱ ይደርሳል።»

«ልጆቹ ከጠዋት ጀምሮ ልክ ሠርተው ተሳስታችኋል ተብለዋል» አለች ሶልያና። «እኔ አንድ ቀን ተሳስተሻል ተብዬ እንዴት እንደሆንኩ አይተዋል።»

ልጇን በግራ ክንዷ አቅፋ በቀኟ ቀዩን እስክርቢቶ አነሣች። የመጀመሪያው የሮዳስ ወረቀት ነው። ከአንደኛ እስከ አምስተኛ ያሉትን ጥቃቅን ምልክቶች በጣቷ ተከተለቻቸው፤ ስድስተኛው ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው ያቆሙት» አለች።

ይቅርታ ሳትጠይቀው የሞተውን ሰው እያሰበች ኤክሱን ሰርዛ፣ ሦስት አምስተኛው ላይ ራይት አደረገች፤ ከጎኑም እንባዋ ወረቀቱን ሳይነካው ቶሎ ብላ፣ «ሌላስ?» ብላ ጻፈችና ወደ ሰባተኛው ጥያቄ አለፈች።